የባባ ጁዋ

ባባ ጭንቅላቱ ላይ ደም ረግቶበት ከሆስፒታል ሲመለስ ምላሱ ላይ የቀሩት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። «ኤ» ይላል፣ አዎ ማለት ነው። «ላ» ይላል፣ አይሆንም ማለት ነው። «ያ ሕማር» ይላል፣ አንተ አህያ ማለት ነው፤ ስድብ መቼም ከሰው ምላስ ቶሎ አይለቅም። ከነዚህ ሌላ አንዲት ቃል ቀርታለት ነበር፤ «ጁዋ»። ጉዱን ሁሉ ያፈላችው እሷ ነች።

ጁዋ በሊባኖሶች ዓረብኛ «ውስጥ» ማለት ነው። ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፍቼ ወደ ግቢ አወጣዋለሁ። ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር (እነሱ ዘይቱን የሚሉት ወይራን ነው) ገና ሳላቆመው «ጁዋ! ጁዋ!» ይላል። እሺ ብዬ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። ሳሎን ስንደርስ ደግሞ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይደበድባል፣ ፊቱ ደም ይለብሳል፣ «ላ! ላ! ያ ሕማር!» መልሼ አወጣዋለሁ። «ጁዋ!» ኧረ በአላህ! «ባባ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ የኔም እግር እኮ እግር ነው!» እለዋለሁ በአማርኛ። ድሮ በአማርኛ ስቆጣ ይስቅ ነበር። ያን ሰሞን ግን አይስቅም፣ ዝም ብሎ ያየኛል፣ አንዳንዴም እንባው ይወርዳል።

ባባ የምለው አሠሪዬን ነው። ቤቱ ሹወይፋት ነው፣ ከቤይሩት ወደ ደቡብ ወጣ ሲሉ፣ አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ ብለው በዘይቱኑ አናት ላይ የሚያልፉበት። መጀመሪያ ከወሎ ስመጣ የተቀጠርኩት ለሚስቱ ነበር። ማማ እላት ነበር። ዓረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ነች፣ ያውም ማድ ቤት ውስጥ፤ ማንኪያውን አንስታ ታሳየኛለች፣ ስሙን ትነግረኛለች፣ ስረሳው በዚያው ማንኪያ እጄን ቸብ ታደርገኛለች። ስለዚህ የኔ ዓረብኛ የድስትና የመጥረጊያ ዓረብኛ ነው። ፖለቲካ ሲያወሩ አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ስለ ሽንኩርት ካወሩ ግን ማንም አያታልለኝም። ማማ ስትሞት ባባና እኔ ቀረን።

ባባ ከቤቱ ኋላ ብዙም ያልሰፋ የዘይቱን ማሳ አለው። ማሳውን የሚያርስበት አንዲት ትንሽ ቀይ ትራክተር አለችው፣ ከመኪና የማትበልጥ፣ በዛፎቹ መሀል ሹልክ ብላ የምታልፍ። ማማ በሕይወት ሳለች «ሁለተኛ ሚስቱ» ትላት ነበር።

ያቺን ትራክተር እኔም የምወድበት ምክንያት አለኝ። አባቴ ያረፈ ቀን በስልክ ነው የሰማሁት፣ ሰሃን እያጠብኩ። ከሀገር ርቆ መርዶ መስማት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የሚያስተዛዝን ጎረቤት የለ፣ ድንኳን የለ፣ እሪ ብለው የሚያለቅሱበት ቦታ የለ። በሰው ቤት ጮኸሽ ብታለቅሺ ፖሊስ ይጠራብሻል። አፌን በፎጣ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ባባ ገባ። ምንም አልጠየቀኝም። ክንዴን ይዞ ወደ ማሳው ወሰደኝ፣ ከመቀመጫው ጎን ካለው የጎማ መሸፈኛ ላይ አስቀመጠኝ፣ ሞተሩን አስነሳ። «በጣም ትጮኻለች። አንቺም የፈለግሽውን ያህል ጩኺ፣ ማንም አይሰማሽም፣» አለኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ በማሳው ዙሪያ አዞረኝ። አባቴን በስሙ እየጠራሁ አለቀስኩ። እሱ አንዴም ዞሮ አላየኝም፣ መንገዱን ብቻ ያያል። ያ ነው የኔ ለቅሶ ቤት። ይህን ውለታ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ባባን ሕመሙ የጣለው እዚያችው ትራክተር አጠገብ ነው። መሣሪያዎቹን ጆንያ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ባዶ የቅቤ ቆርቆሮ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ምን ሊሠራ እንደነበር እንጃ፣ ወድቆ አገኘሁት። አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ መሣሪያዎቹን ሰብስቤ መጋዘን አስገባኋቸው። ምን ሊሠራ ነበር ብዬ አልጠየቅኩም፤ ማን ያስታውሳል በዚያ ሰዓት!

ልጁ አንድ ነው። ቤይሩት ውስጥ ሐምራ የሚባል ሰፈር ቢሮ አለው፣ እዚያው ይኖራል፣ በየእሑዱ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ አስቀድሜ ልናገር። እኔን በፈረንሳይኛ «ሲልቩፕሌ»፣ እባክሽ፣ «መርሲ»፣ አመሰግናለሁ፣ ሳይል አዝዞኝ አያውቅም። ግን ስልኩ ከጆሮው አይለይም፣ አባቱን ሲያይ ደግሞ ዓይኑ ይሸሻል። በየእሑዱ ባባን ወደ ማሳው ይገፋዋል፣ ባባ «ጁዋ!» ይላል፣ እሱ «እሺ ባባ» ብሎ ያስገባዋል፣ ባባ ይሰድበዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። በጋው ሊያልቅ ሲል ተስፋ ቆረጠ።

«ኸላስ፣ በቃ፣» አለኝ አንድ ቀን፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «ባባ አእምሮው ሄዷል። ውስጥና ውጭ እንኳ አይለይም። የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ አግኝቼለታለሁ፣ ነርሶች አሉ፣ ንጹሕ ነው። የሚመጣው እሑድ እወስደዋለሁ። ልብሱን በሻንጣ አዘጋጂልኝ፣ ሲልቩፕሌ።»

«እዚያ ዘይቱን አለ?» አልኩት።

«ሦስተኛ ፎቅ ነው፣» አለኝ።

ስለ ራሴም አልዋሽም፣ ወደ የትኛው ቤት እንደምሄድ አስቤአለሁ፤ ግን ወላሂ የበለጠ ያቃጠለኝ የባባ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ አፈር የረገጠ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ነጭ ግድግዳ ሲያይ ታየኝ።

ረቡዕ ቀን ነው። ባባን ማድ ቤት ጠረጴዛው ጋር አስቀምጬ ፋሱሊያ ጥጄ ነበር፣ በዚያች ክዳኗ በሚቆለፍ የእንፋሎት ድስት፣ ጣንጀራ በሚሏት። ጣንጀራዋ ማፏጨት ሲገባት ጎኗ ተከፍቶ ፊስስስ ማለት ጀመረች፣ ውሃው ምድጃው ላይ ተንጠባጠበ። ክዳኗ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ማርጀቷ ነው። ማማ ይህ ሲደርስባት ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ የምትለው ነገር ነበራት። እኔም ለመቀለድ ያህል በማማ ድምፅ፣ እጄን ሰቅዬ፣ «ያ ዊሊ! ኤል ጁዋን ራሕ!» አልኩ። ወይኔ፣ ጁዋኗ አለቀላት ማለት ነው።

ባባ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ብርጭቆው ዘለለ። «ጁዋ! ጁዋ! ጁዋ!»

ዞሬ አየሁት። ዓይኑ ፈጧል። ወደ ጣንጀራዋ ይጠቁማል፣ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማሳው ይጠቁማል፣ ደግሞ ወደ ጣንጀራዋ።

«ጁዋን?» አልኩት፣ መጨረሻዋን «ን» ጠበቅ አድርጌ።

«ኤ! ኤ! ኤ!» አለ፣ እንባውና ሳቁ አንድ ላይ መጣ።

ያ አላህ! ሰውዬው በጋውን ሙሉ ውስጥ አስገቡኝ አላለም ለካ። ጁዋን ነው ያለው፤ ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ የምታግደዋን የጎማ ቀለበት። ሕመሙ መጨረሻዋን ፊደል በላበትና እኛ ጁዋ አልነው። ጣንጀራዋን እንዳለች ትቼ ወንበሩን ገፍቼ ሮጥኩ። የትራክተሯን የፊት ጎማ በርከክ ብዬ አየሁት፤ በውስጥ በኩል ዘይት ወርዶበት አቧራ ለብሷል፣ ሥሩ ያለው አፈርም ጠቁሯል። ስንት ቀን ባጠገቡ አልፌአለሁ! ባባ የወደቀ ዕለት መሣሪያ የዘረጋው፣ ያን የቅቤ ቆርቆሮ ያስቀመጠው፣ ለዚህ ነበር።

ለልጁ ደወልኩ። «ሚስተር፣ ባባ ጁዋ የሚለው ውስጥ ማለቱ አይደለም። ጁዋን ነው የሚለው። ትራክተሯ ታፈሳለች!»

መልሶ ጠየቀኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ጣንጀራዋ፣» አልኩት። ሌላ ምን ልበል!

ተነፈሰ። «ስለምትወጂው ነው። ደስ የሚልሽን ትሰሚያለሽ። ሐኪሙ እንደዚያ አላለም።»

«እሺ ባባ ራሱ ትራክተሯን ቢያሠራትስ? ጭንቅላቱ ከሌለ እንዴት ያሠራል?»

«በማን እጅ?»

«በኔ!»

ሳቀ፣ ግን የደስታ ሳቅ አይደለም። «እሑድ ስመጣ ካላፈሰሰች አባቴ አለ ማለት ነው፣ አልወስደውም። እኔስ መች መውሰድ ፈለግኩ? ሻንጣውን ግን አዘጋጂ።» ዘጋው። ካቻቢቴ እንኳ ይዤ የማላውቀው እኔ ተወራረድኩ ማለት ነው። አፌ መቼም አያርፍ!

ሐሙስ፣ ናባዓ የሚባል ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ጠርቻት መጣች። እሷ ክፍል ተከራይታ በየቤቱ ተመላላሽ ነው የምትሠራው፤ ጴንጤ ነች፣ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ስትዘምር ድምጿ መንገድ ድረስ ይሰማል። እኔ እስላም እሷ ጴንጤ፣ ሁልጊዜ እንበሻሸቃለን፣ ያለሷ ግን ቀን አይመሽልኝም። የትራክተሯን ጎማ አይታ «ምነው፣ ኩሽና መጥረግ አነሰሽ?» አለችኝ፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ እየቋጠረች።

ባባን አጠገባችን አስቀመጥነው፣ ዱላውን በደህናው እጁ ሰጠነው። በዱላው እየጠቆመ ያዘናል። መጀመሪያ የጎማውን ቡሎኖች ገና ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አላላናቸው። አልላላም ሲለን ጓደኛዬ መፍቻው ላይ ወጥታ ዘለለችበት። «ያ ሕማር!» አለ ባባ ለቡሎኑ። እኛም ተከተልነው፣ «ያ ሕማር!» ላላ።

ከዚያ ትራክተሯን ወደ ላይ ማንሳት ነበረብን። ባባ ወደ መጋዘኑ ጠቆመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሩ ላብ አወጣ፣ ሲታገል ሲታገል ቆየና ከታመመ ወዲህ ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ቃል ወረወረ። «ዓፍሪት!»

ሁለታችንም ደነገጥን። ዓፍሪት እኮ ጂን ነው፣ ያውም የጂን ክፉ! ወሎ ውስጥ ስሙን እንኳ በቀስታ ነው የሚጠሩት። «ኣዑዙ ቢላህ!» ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ጓደኛዬ ደግሞ እጇን ወደ መጋዘኑ ዘርግታ «በኢየሱስ ስም! ውጣ!» ብላ ገሠጸችው። በአንድ ግቢ ውስጥ እኔ በቁርአን እሷ በወንጌል ያን መጋዘን ስናጣድፈው፣ ባባ ያየናል። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው! ስንት ወር ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ፤ ከወንበሩ እንዳይወድቅ ያዝኩት። መዳፉን ከመሬት ወደ ላይ ቀስ እያደረገ ከፍ አደረገልን። «ዓፍሪት፣» አለ ደግሞ።

ቢስሚላህ እያልኩ መጋዘን ገባሁ። በሩ ኋላ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ክሪክ! መኪና ማንሻ! «ይሄ ነው?» ብዬ ብቅ አደረግኩት። «ኤ! ዓፍሪት!» እኛ ክሪክ የምንለውን እነሱ ዓፍሪት ይሉታል፣ ከባዱን ሁሉ ብድግ ስለሚያደርግ ይሆናል። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክትደክም ሳቀች። «ጌታ ይባረክ፣ መጋዘኑ ነጻ ወጥቷል፣» አለች።

በክሪኩ አነሳናት። እጄን ወደ ሥር ልሰድ ስል ባባ «ላ!» ብሎ በዱላው እጄን መታኝ፣ እንደ ማማ ማንኪያ። ወፍራም ግንድ ከብረቱ ሥር ሳናስገባ በጭራሽ አላስነካንም። ቃል የሌለው ሰው ለጣቴ ሲሳሳ አየሁ። ጎማውን አወጣን፣ የታችኛውን መዝጊያ ፈታን፣ ዘይቱ በዚያች የቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ እየተንዶቀዶቀ ወረደ። የጎኑን ክዳን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታን፣ ጎትተን አወጣነው። እዚያ ውስጥ፣ ብረቱ በሚሽከረከርበት አንገት ላይ፣ ጁዋኗ ቁጭ ብላለች። ቲማቲም የምናስርበት የናይሎን ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ከንፈሯን በጥሶባታል። ባባ ገመዱን አይቶ የሰደበውን ስድብ ግን አልጽፈውም።

አሮጌዋን ጁዋን በካቻቢቴ ፈልቅቀን አወጣናት። ጓደኛዬ ናባዓ አቅራቢያ የመለዋወጫ ሱቆች ስላሉ አሮጌዋን በፌስታል ይዛ ሄደች፣ በጠርዟ ላይ ልኳ ተቀርጾባታል። ባባ ስትወጣ ሁለት ጣቱን አሳያት። «ሁለት? አንድ እኮ ነው ያፈሰሰው፣» አለችው። ሁለት ጣቱን ዓይኗ ሥር አቀረበ። «እሺ ባባ፣ ሁለት!»

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሁለት አዳዲስ ጁዋኖች ከአሮጌዋ ጋር ይዛ መጣች። ብረቱን በጨርቅ ወልውለን አጸዳን፣ ግራሶ ቀባን። አዲሷን ጁዋን በቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጥኳት። ከአንድ ወገን ለስላሳ ነች፣ ከሌላው ወገን ክፍት ሆና ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለባት። እኔ ሽቦዋ ያለበትን ክፍቱን ወደ ውጭ አደረግኩት፣ ቆንጆው ልስልሱ ወገን ወደ ውስጥ ይግባ ብዬ። የምትመታበት ነገር ስፈልግ ልኳ ሆኖ የተገኘው ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ደገንኩባትና ማማ ለኪባ ሥጋ ትወቅጥበት በነበረው መደቆሻ ቀስ እያልኩ መታሁ።

«ጁዋ!» አለ ባባ።

«አዎ ባባ፣ ጁዋን ናት! ገብቶኛል!» አልኩት፣ ኩራቴ!

«ጁዋ! ጁዋ! ላ! ጁዋ!»

ጓደኛዬ ጠጋ ብላ «እየተቆጣ ነው እኮ፣» አለችኝ።

«ደስ ብሎት ነው። በጋውን ሙሉ የሚላት ቃል ዛሬ ሰሚ አገኘች፣» አልኳት። ሁሉን ያወቅኩ ነኛ! ክዳኑን ገጠምን፣ ዘይት ሞላን፣ ጎማውን መለስን። ባባ ዱላውን ጥሎ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። ደክሞት ነው አልኩ። ከትራክተሯ ሥር አንድ ነጭ ካርቶን ዘረጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሰሃን ያህል የዘይት እድፍ አገኘሁ።

መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን አፍስሼም የምለቅመው አልነበረኝም። ሻንጣው በር ሥር ተዘጋጅቶ ቆሟል። እሑድ ነገ ነው። ጓደኛዬ ሥራ ላይ ነች። «ያንተን እጅ እንዴት ላምጣው ባባ? የኔ እጅ ለሰሃን ነው የተፈጠረው!» ብዬ አለቀስኩበት። ሰው በታመመ ሰው ላይ ያለቅሳል? አለቀስኩ።

አልሰደበኝም። ዱላውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ደህናውን እጁን አነሳ። መዳፉን ከፍቶ ወደኔ አሳየኝ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አዞረውና፣ የመዳፉን ውስጥ ሆዱ ላይ ለጠፈው። «ጁዋ፣» አለኝ፣ በለሆሳስ። ደግሞ መዳፉን አሳየኝ፣ አዞረው፣ ሆዱ ላይ አደረገው። «ጁዋ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትናንት ጁዋን አላለም ነበር። ትናንት የምሩን «ውስጥ» ነው ያለው፤ ክፍቱ ወገን፣ ሽቦ ያለባት ፊቷ፣ ወደ ዘይቱ ይዙር፣ ወደ ውስጥ! በጋውን ሙሉ «ጁዋን» ሲለን «ውስጥ» አልነው፤ አንዴ «ውስጥ» ቢለኝ «ጁዋን» አልኩት። ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠኝ!

«ለዚህ ነው ሁለት ግዙ ያልከው?» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ። «እንደማበላሻት አውቀህ?»

«ኤ፣» አለ። «ያ ሕማራ።» አንቺ አህያ ማለቱ ነው። ስቄ ሞትኩ። ስድብ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ያን ቀን ብቻዬን ፈታሁት፣ ብቻዬን ማለቴ ከሱ ጋር። ግንዱን ሳይነግረኝ አስገባሁ። ሁለተኛዋን ጁዋን ከመምታቴ በፊት አነሳሁና አሳየሁት፤ ሽቦዋን ወደ ውስጥ አዙሬ፣ «ጁዋ?» አልኩት። ዝቅ ብሎ አያት፣ በአውራ ጣቱ ከንፈሯን ዳበሳት። «ኤ። ጁዋ።» በቆርቆሮውና በኪባ መደቆሻው ዙሪያዋን እኩል እኩል መታሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እስክትገባ። ዘይቱን ሞላሁ።

ከዚያ ባባ በአገጩ መቀመጫውን አሳየኝ። «እኔ? ትራክተር? ምን ቆርጦኝ!» አልኩ። «ያላ»፣ በይ እንግዲህ፣ አላለኝም፣ አይችልም፤ ዱላውን ብቻ ወደ ማሳው ቀሰረ። ሲነዳ ከጎኑ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ፤ ቢስሚላህ ብዬ አስነሳኋት። መጀመሪያ አፈንግጣ ዘለለች፣ ከዚያ እሺ አለችኝ። ዛፎቹን እየዞርኩ በኤሊ እርምጃ ሄድኩ። ባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ በአንገቱ ይከተለኛል። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔም እየጮኽኩ አለቀስኩ፤ አሁን ግን መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ልቅሶውም ሌላ ነው። ማንም አልሰማኝም። እሱ ግን ያወቀ ይመስለኛል፣ ስመለስ መሐረቡን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ትራክተሯን አቁሜ ከሥሯ አዲስ ነጭ ካርቶን ዘረጋሁ።

እሑድ ልጁ ሲመጣ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ። ሻንጣውን በር ላይ አገኘው፣ አንስቶ መኪናው ኋላ ከተተው፣ ክዳኑን ዘጋው። ድምፁን እንደሰማሁ ማንኪያውን ጥዬ ወጣሁ። ባባ ከዘይቱኑ ሥር፣ ከትራክተሯ አጠገብ ነበር።

«ያላ ባባ፣» አለው ልጁ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ሕፃን እንደሚያባብል።

«ጁዋ!» አለ ባባ።

ልጁ እኔን አየኝ። የደከመ ዓይን ነው ያለው። «ይኸው፣» አለኝ።

ተንበርክኬ ካርቶኑን ከትራክተሯ ሥር ስቤ አወጣሁና እግሩ ሥር አኖርኩለት። ነጭ ነበር፣ ከአንድ የዘይቱን ቅጠል በቀር ምንም የለበትም። ከዚያ የተበጠሰችውን አሮጌ ጁዋን፣ ያን ናይሎን ገመድ እንደተጠመጠመባት፣ ባባ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩ። ባባ አነሳት። የተበጠሰውን ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ለልጁ አሳየው፣ ገመዱን አሳየው። መዳፉን ከፍቶ አዞረና ሆዱ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በዱላው ጫፍ እኔን ጠቆመ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ «ያ ሕማራ፣» አለ። መጀመሪያ እንዴት እንዳበላሸሁት እየነገረው ነው! ልጁ ሁሉም ገባው፣ ከዘይቱ እስከ ስህተቴ።

እጁን ከጎማው ኋላ ሰደደ፣ ዳበሰ፣ ጣቶቹን አያቸው። ደረቅ ናቸው። በዚያ ባማረ ሱሪው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ያኒ... ማለት፣ በጋውን ሙሉ?» አለኝ።

«በጋውን ሙሉ፣ ሚስተር።»

«እኔ እኮ እየጎተትኩ አስገባው ነበር፣» አለ። «እሱ እየነገረኝ፣ እኔ እየጎተትኩ...» ግንባሩን የባባ ጉልበት ላይ ደፋ። እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ባባ ያኔ እኔን እንዳላየኝ፣ እኔም የልጁን ለቅሶ ማየት አልፈለግኩም።

ባባ ደህናውን እጁን የልጁ ማጅራት ላይ አሳረፈ፣ ቆይቶም ጠፍ ጠፍ አደረገው። «ያ ሕማር፣» አለው፣ እንዳለ የፍቅር ስድብ። ከዚያ በአገጩ ወደ ፊት እያመለከተ «ጁዋ፣» አለ።

ልጁ ቀና ብሎ ትራክተሯን አየ፣ ቤቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። በዚያ ቤት ስኖር አባቱ ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

«የትኛው ነው አሁን?»

ከማድ ቤቱ የጣንጀራዋ ፉጨት ይሰማል፣ አዲስ ጁዋን ጓደኛዬ ገዝታላታለች። «ይሄኛው ውስጥ ነው፣ ሚስተር፣» አልኩት። «ምሳ ደርሷል፣ ግባ እያለህ ነው።»

ከአፈሩ ተነሳ፣ ሱሪውንም አላራገፈም። መኪናው ጋ ሄደ፣ የኋላውን ክዳን ከፈተ፣ ሻንጣውን አወጣ፣ ይዞትም ከፊታችን ወደ ቤት ገባ።